ያገለገለ ስኩተር ጎንደር ላይ ከመግዛትዎ በፊት፦ የሪኮል ማጣሪያና የፍተሻ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ፋብሪካ የሸጠው ስኩተር ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት እንዳለበት ሲደርስበት ባለንብረቶቹን ጠርቶ ችግር ያለበትን ክፍል በነፃ ይቀይራል። ሪኮል የሚባለው ይህ ነው። ጥሪው የሚደርሰው ግን ስሙና ስልኩ በፋብሪካው ወይም በወኪሉ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ሰው ነው። ከሕንድ ተነስቶ፣ በነጋዴ እጅ አልፎ፣ ሦስት ሰው ነድቶት ፒያሳ አካባቢ "የሚሸጥ" የተለጠፈበትን ስኩተር ማንም አይጠራውም። ጉድለቱም ሳይነካ አብሮ ይሸጣል። ስለዚህ ጥሪውን ፈልጎ ማግኘትም፣ ክፍሉ መቀየሩን በዓይን ማረጋገጥም የገዢው ሥራ ነው።

ጎንደር ላይ ሌላም ችግር አለ። የከተማዋ መካኒክ ባለሦስት እግሩን ባጃጅና ባለ ማርሽ ሞተር ሳይክልን አብጠርጥሮ ያውቃል። ስኩተር ግን የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በቺንጊያና በሮለር ነው። ይህን ክፍል በየቀኑ የሚፈታ ባለሙያ ብዙ አይገኝም። "አየሁት፣ ደህና ነው" የሚል መካኒክ ሲገጥምዎ የቺንጊያውን ክዳን ከፍቶ አይቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ከመሄድዎ በፊት

ለሻጩ ደውለው ጠዋት እንደሚመጡና ሞተሩ እርስዎ ሳይደርሱ እንዳይነሳ ይንገሩት። ሲደርሱ የሞተሩን ጎን በእጅ ይንኩ። ሞቆ ካገኙት አስነስቶ የማያስቸግር ለማስመሰል አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩት። ይዘው የሚሄዱት፦ የእጅ ባትሪ፣ በነጭ ጋዝ የረጠበ ጨርቅ፣ ትንሽ መስታወት፣ ቮልት መለኪያ (መልቲሜትር)፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ የካንዴላ መፍቻና ካሜራው በደንብ የሚያነሳ ስልክ። አብሮዎት የሚገፋና የሚይዝልዎ አንድ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

አንደኛ፦ የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ

ሌላው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ስለሚመሠረት ከዚህ ይጀምሩ። የሻንሲ ቁጥር የሚገኝበት ቦታ እንደ ስሪቱ ይለያያል፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከእግር መርገጫው በታች ባለው ቱቦ ላይ ወይም መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ይፈልጉት። የሞተር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ የኋላ ጎማው አጠገብ ባለው የሞተር አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍነው በጨርቁ ይጥረጉ። ነጭ ጋዝ የነካው ቀለም ከለቀቀ በቅርቡ የተቀባ ነው፤ ቁጥሩ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም የሚቀባበት በጎ ምክንያት ደግሞ እምብዛም የለም።

ሙሉው ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ከላቲን ፊደላት አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። ኦ የሚመስል ካዩ ዜሮ ብለው ይጻፉት። መጀመሪያ ያሉት ሦስቱ የአምራቹ መለያ ናቸው፦ ኤም-ዲ-2 የባጃጅ፣ ኤም-ዲ-6 የቲቪኤስ፣ ኤም-ኢ-4 የሕንዱ ሆንዳ፣ ኤም-ኢ-1 የሕንዱ ያማሃ፣ ኤም-ቢ-8 የሕንዱ ሱዙኪ። በኤል የሚጀምር ቻይና፣ በጄ የሚጀምር ጃፓን የተሠራ ነው። ሻጩ "ኦሪጅናል የጃፓን" እያለ ቁጥሩ በኤል ከጀመረ ዋጋው ላይ የሚነጋገሩበት ነገር አገኙ።

አሥረኛው ፊደል በብዙ ስሪቶች የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ጄ 2018፣ ኬ 2019፣ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ሁሉም አምራች ይህን እንዲከተል ስለማይገደድ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩት። ዓመቶቹ የፈረንጅ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። "የ2014 ነው" የሚል ሻጭ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የሚያወራው ስኩተሩ የ2021 ወይም የ2022 ነው፤ በፈረንጁ ከሆነ ግን ከዚያ በሰባት ስምንት ዓመት የሚቀድም ነው። የትኛውን እንደሆነ በግልጽ ያናግሩት።

ቁጥሩን ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንስተው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የአኃዞቹ ጥልቀት የሚለያይ፣ መስመራቸው የተወላገደ ወይም ዙሪያው በሞላ የተፋቀ ከሆነ ስለ ፍሬንና ጎማ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ እዚያው ያለቀ ነው፣ አይግዙት።

ሁለተኛ፦ ጥሪ መኖሩን ማጣራት

የቁጥሩ መነሻ የት እንደሚፈልጉ ይነግርዎታል። የሕንድ ስሪት ከሆነ በቀጥታ ወደ አምራቹ የሕንድ ድረ ገጽ ገብተው የሪኮል ወይም የአገልግሎት ዘመቻ የሚለውን ክፍል ይፈልጉና የሻንሲ ቁጥሩን ያስገቡ። ጎንደር ላይ የሚያዩዋቸው ብዙዎቹ ስኩተሮች መነሻቸው ሕንድ ስለሆነ በብዛት የሚሠራው ይህ መንገድ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የአገሪቱ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በነፃ የሚያሳይ መፈለጊያ አለው። እንግሊዝም በስሪትና በሞዴል የሚፈለግበት የመንግሥት ገጽ አላት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሜሪካው መፈለጊያ የሚያሳየው ያልተጠገነ ጥሪን ብቻ ነው፤ ተጠግኖ ያለቀው አይታይም፣ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውም ላይገኝ ይችላል፣ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ተሽከርካሪም አይካተትም። የሕንድ ስኩተር ቁጥር እዚያ አስገብተው "ምንም አልተገኘም" ቢልዎት መልሱ ባዶ ነው፤ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከሕንድ አምራቾች መካከልም ቁጥሩን ለአገር ውስጥ ገበያ ብቻ የመዘገቡ ስላሉ ለውጭ ገበያ የተላከው ላይወጣ ይችላል። ያኔ በቁጥር መፈለጉን ትተው በሞዴሉ ስምና በተመረተበት ቀን ይፈልጉ፤ ከተጠራው ክልል ውስጥ ከገባ ጥሪ እንዳለበት ቆጥረው ይቀጥሉ። አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ ወይም ወኪልም በስልክ ይጠይቁ፤ የቁጥሩን ፎቶ ይላኩለት፣ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀሩ።

ሦስተኛ፦ የሚታወቁ ጥሪዎችና የሚታዩበት ቦታ

ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆንዳ በሕንድ ሰኔ 2018 ላይ 56,194 አቪዬተር፣ አክቲቫ 125 እና ግራዚያ ስኩተሮችን ጠርቷል፤ ከየካቲት 7 እስከ መጋቢት 16 ቀን 2018 የተመረቱ ሲሆኑ ጉዳዩ የፊት ሹካ ብሎን ነበር። በነዚህ ሞዴሎች የፊት ጎማውን ሽፋን ሥር በእጅ ባትሪ እያበሩ የሹካውን ብሎኖች አንድ በአንድ ይዩ። ከሌሎቹ የሚያንስ፣ ጭንቅላቱ የተለየ ወይም ዝገት የጀመረው ካለ ከገበያ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ በኦሪጅናሉ ይቀየር።

ያማሃ የካቲት 2024 ላይ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሬይ ዜድ-አር 125 እና ፋሺኖ 125 ሃይብሪድ ስኩተሮችን በፍሬን መያዣው ምክንያት ጠርቷል። የተመረቱት ከጥር 1 ቀን 2022 እስከ ጥር 4 ቀን 2024 ነው። መያዣውን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ጨብጠው ይልቀቁ፤ ያለ መጎተት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። መሪውን ሙሉ ወደ ግራና ሙሉ ወደ ቀኝ አዙረውም ይድገሙት።

ሱዙኪ 2024 ላይ አክሰስ 125፣ አቬኒስ 125 እና በርግማን ስትሪትን፣ በጠቅላላው ከ388,000 በላይ፣ ከሚያዝያ 30 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2022 የተመረቱትን ጠርቷል። ችግሩ ወደ ካንዴላ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልት ተሸካሚ ገመድ ነበር፤ ይሰነጠቅና ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል፤ የተሰነጠቀውን ውኃ ሲነካው ደግሞ ሴንሰሮችን ሊያበላሽና ሞተሩ አልነሳም ሊል ይችላል። ለጎንደር ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ገመዱን በጣት አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ በረጠበ ጨርቅም ትንሽ ያርጥቡት። ከዚያ እጅዎን አርቀው ጨለማ ቦታ ሞተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ገመዱ አልቋል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅም በጨርቅም እንዳይነኩ።

ከኤሌክትሪክ ስኩተር አምራቾቹ ኦኪናዋ ሚያዝያ 2022 ላይ 3,215 ፕሬዝ ፕሮ ስኩተሮችን የባትሪ ማገናኛቸው ላልቶ እንደሆነ ለመፈተሽ ጠርቷል። በዚያው ወር ኦላ የተባለውም አምራች የሕንዷ ፑኔ ከተማ ውስጥ አንድ ስኩተሩ በእሳት ከተያያዘ በኋላ 1,441 ጠርቷል።

ክፍሉ ተቀይሮ ከሆነ ሻጩ ደረሰኝ ወይም የወኪሉ ማህተም ያለበት የአገልግሎት ደብተር ያሳይ። "አስቀይሬዋለሁ" ብቻ ከሆነ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩና የክፍሉንና የእጅ ዋጋውን ከሚከፍሉት ላይ ይቀንሱ።

አራተኛ፦ ቆሞ እያለ የሚታይ

ፍሬን ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ስኩተር ባለ ማርሽ ሞተር እንደሚያደርገው በሞተር ኃይል ራሱን አይዝም፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ሙሉ ክብደቱ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ከጎሃ ሆቴል ኮረብታ ሲወርዱ የሚይዝዎ ፍሬኑ ብቻ ነው።

የፊቱ ዲስክ ከሆነ መያዣውን ጠበቅ አድርገው ለ30 ሰከንድ ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ እጀታው ከቀረበ የላይኛው የፍሬን ፓምፕ ውስጡን ያሳልፋል ወይም ቧንቧው ያንጠባጥባል። ሆንዳ በፈረንጆቹ 2019 በዲስክ የተሠሩ ስኩተሮቹን በዚሁ ክፍል ምክንያት ጠርቶ ነበር። የፍሬን ዘይቱ ሻይ ከመሰለ አርጅቷል፣ ውኃም ስቦ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ያለው የፍሬን ዘይት በረዥም ቁልቁለት ይፈላና መያዣው ባዶ ይሆናል። ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጾ ይገኛል። ጣትዎን ከዲስኩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲያንሸራትቱ ደረጃ ካለው አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው።

የኋላው ከበሮ ከሆነ የፍሬኑ ክንድ ላይ ያለችውን ቀስት ይዩ፤ ፍሬኑ ሙሉ ሲያዝ ቀስቷ ከከበሮው ምልክት ጋር ከተገናኘች ሸራው አልቋል። ቀስት ከሌለው የማጥበቂያውን ዳዶ ይዩ። ጥርሱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ከሆነ ሸራውን ለማቆየት ሲጠበቅ የኖረ ነው።

ቀጥሎ መሪው። በዋናው ማቆሚያ አቁመው ረዳትዎ ከኋላ ሲጫን የፊት ጎማው ይነሳል። ሹካውን ከታች ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ "ጠቅ" ካለ የአንገቱ ኩሽኔታ ላልቷል። መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ መሀል ላይ የሚይዘው ጉድጓድ ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል። በኮብልስቶንና በጉድጓድ መንገድ የሠራ ስኩተር ይህን ቶሎ ያመጣል። የኋላ ጎማውንም በሁለት እጅ ይዘው ወደ ጎን ያንቀሳቅሱ፤ ጎማው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ነው፣ ሞተሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሞተሩን ከሻንሲው የሚያያይዘው ጎሚኒ አልቋል።

ሻንሲውን ለማየት መርገጫው ላይ ያለውን ምንጣፍ ያንሱና ከሥር በመስታወት ይመልከቱ። ውኃና ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ዝገቱም ብየዳውም እዚያ ይደበቃል። ከፋብሪካ የወጣ ብየዳ እኩል ሽክርክሪት አለው፤ የጋራዥ ብየዳ ያበጠ፣ በቀለም የተሸፈነ ነው። የተበየደ ዋና ቱቦ ያለበትን አይግዙ። ዋጋውም አያማልልዎ።

ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 3521 ማለት የፈረንጁ 2021 35ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ፀሐይ ላይ የቆመ ነው፤ ይቀየራል።

አምስተኛ፦ ማስነሳት

ቀዝቃዛ ሞተር በሞተሪኖ በሁለት በሦስት ሙከራ መነሳት አለበት። ባትሪው ሞተሩ ሳይነሳ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጡት ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ካልጨመረ አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ተበላሽቶ አምፖልና ባትሪ ይጨርሳል።

ጢሱን ለማየት ሞተሩ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት ማቃጠል ነው፦ ጋዝ ሲሰጡት ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ከለቀቁት በኋላ ከወጣ የቫልቮቹ ጎሚኒ። ጥቁር ጢስ ግን እዚህ አገር ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የጎንደር መሀል ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ደረቅ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ አቀበት ላይም ይደክማል። ይህ በማስተካከል የሚፈታ ነው። ካንዴላው በዘይት ረጥቦ ከወጣ ግን ከፍታው ሰበብ አይሆንም። በኢንጀክሽን የሚሠራ ስኩተር ራሱን ያስተካክላል፤ ጥቁር ካጨሰ ሴንሰር ወይም ማጣሪያ ያጠራጥራል።

ስድስተኛ፦ መንዳት

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ያለው መንገድ ለዚህ ይመቻል። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ዝቅ ስለሚል ሲሄዱ ፍሬኑን፣ ሲመለሱ ደግሞ ቺንጊያውን ይፈትኑበታል። ሄልሜት ያድርጉ፤ ከተቻለ ሰው ከኋላ ጭነው ይመለሱ።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ሸራ ወይም ከበሮው ተበልቷል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ቺንጊያው ይንሸራተታል። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ እንደመንገጫገጭ ካለ ሮለሮቹ ጠፍጥፈው ሊሆን ይችላል። ቺንጊያን ብዙ አምራቾች ከ20,000 እስከ 24,000 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ቀይሩ ይላሉ፤ እየነዱ ቢበጠስ አቀበት መሀል ያስቀራል። ቆጣሪው 9,000 እያለ የእጀታው ላስቲክ ለስልሶ የሚያበራ፣ የቁልፉ ጥርስም ያለቀ ከሆነ ቆጣሪውን አይመኑ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ቺንጊያው ይታይ። የተቆራረጠ ጠርዝ ወይም ከውስጥ በኩል ስንጥቅ ካለው ጊዜው አልፏል።

ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ በቀስታ እየሄዱ ስኩተሩ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ሹካው ወይም ሻንሲው ጠሟል። ረዳትዎ ከኋላ ሆኖ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሄዳቸውን ይይ።

የኤሌክትሪክ ከሆነ

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ከውጭ ማስገባት ካቆመች ወዲህ ኤሌክትሪክ ነገር ሁሉ ገበያው ላይ በዝቷል፤ ያገለገሉትም መምጣት ጀምረዋል። የኤሌክትሪክ ስኩተር ዋጋው ባትሪው ነው። ሊድ አሲድ ከሆነ ባለ 72 ቮልቱ ስድስት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አሉት። ሙሉ ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ እያንዳንዱን ለየብቻ ይለኩ፤ ከ12.7 በላይ መሆን አለባቸው። ከዚያ አቀበት ነድተው ወዲያው ይለኩ። አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ያ ባትሪ ሌሎቹንም ይዞ ይሞታል። ጭነት ላይ ከ10.5 በታች የወረደ ደግሞ ከወዲሁ የሞተ ነው።

ሊቲየም ከሆነ ያበጠ ሳጥን፣ የቀለጠ ማገናኛ ወይም የተከፈተ ማኅተም ካዩ ይተዉት። ቻርጀሩ ለባትሪው ዓይነትና ቮልት የተሠራ መሆን አለበት። የሊድ አሲድ ቻርጀር ሊቲየም ላይ ተሰክቶ ከኖረ ባትሪው ደህና አይባልም። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ወይም መውጫ በር ላይ አይሙሉት።

ወረቀትና ገንዘብ

ሊብሬው፣ የሻጩ መታወቂያ፣ ያላለፈበት ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አንድ ላይ ይታዩ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ይጠይቁ፤ ጎንደር በመተማ መንገድ ላይ ስላለች ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ የመግባት ዕድሉ አለ፣ የተያዘ ቀን የሚከስረው ደግሞ በእጁ የያዘው ነው። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው "መሸጥ" የሚል ቃል እንዳለውና እንዳልተሻረ በሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ። የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዘንድ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ያስፈትሹ። ሙሉ ክፍያ ከስም ዝውውሩ በፊት አይለቀቅ፤ ደላላው ቢቸኩልም።

ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የቆጣሪው ንባብና የተገኘው ሪኮል በስሙ ይግባ። ለምሳሌ፦ "ይህ ስኩተር የፊት ሹካ ብሎንን በሚመለከት የአምራች ጥሪ ያለበትና ያልተጠገነ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ፤ የመለወጫ ወጪው ከሽያጩ ዋጋ ላይ ተቀንሷል።"

ከገዙ በኋላ

የተጠራው ክፍል ካልተቀየረ መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው፤ እስከዚያ አይነዳ። ቀጥሎ የሞተር ዘይት (በ110 እና 125 ሲሲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሊትር አይሞላም)፣ የኋላ ማርሽ ዘይት (ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ)፣ የፍሬን ዘይት፣ የአየር ማጣሪያና ካንዴላ ይቀየሩ። ቺንጊያና የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ ሲላክ አንድ አንድ መለዋወጫ አብሮ ያስመጡ። የአምራቹ ደንበኛ አገልግሎት ዘንድ የሻንሲ ቁጥሩን በራስዎ ስልክና ኢሜይል ያስመዝግቡ፤ ካልተቀበሉዎት በየስድስት ወሩ ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ መልሰው ያስገቡ። አንዳንድ ጥሪ ስኩተሩ ከተሸጠ ዓመታት በኋላ ይወጣል።